ያረፈ ውሃ

ጎሚስታው ሁለት ነገር አይለውጥም ይባላል፤ ሚስቱንና ውሃውን። ቀልዱን ያወጣችው ራሷ ሚስቱ ነበረች። ከጎማ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ደንበኛ መምጣቱን በሰማች ቁጥር፣ «እኔን እንኳ አንድ ቀን ይለውጠኝ ይሆናል፤ ከዚያ ውሃ ግን ሞት ብቻ ነው የሚለየው» ትላለች። ከመጋረጃው ወዲህ ጎማ ላይ የተደፋው ባሏ ይስቃል። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ውሃው በግማሽ የተቆረጠ የብረት በርሜል ውስጥ ነበር። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣ ጎሚስታው ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ይነፋዋል፣ ከዚያ እያዞረ ውሃው ውስጥ ይነክረዋል። ቀዳዳው ካለበት አረፋ ብቅ ይላል። ይህን ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አዲስ ውሃ እንደሚዋሽ ነው። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በሆዱ ትንፋሽ ይዞ ይመጣል፤ ካላማዳሪ ሲነከርበት የመርፌ ራስ የሚያካክሉ አረፋዎች በየቦታው ይለጠፋሉ፤ ቀዳዳው እዚህ ነው ሲሉት እዚያ፣ እዚያ ነው ሲሉት የትም የለም። ስለዚህ ውሃ ማረፍ አለበት። ሙያውን ያስተማረው አባቱ «ያረፈ ውሃ አይዋሽም» ይል ነበር፤ በርሜሉንም ከነውሃው ነው ያወረሰው። ሲጎድል ከጣሪያ የወረደ ዝናብ በጣሳ ተቀድቶ በጠርዙ በኩል ቀስ ተብሎ ይጨመርለታል፤ አራስ ልጅ እንደሚመግቡት። መድፋት ግን ነውር ነው።

ያረፈ ውሃ ደግሞ ምልክት አለው። እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ነፍሳት ጭራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ይንሳፈፉበታል፤ የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ጥላው ሲያልፍ ተመልሰው ይወጣሉ። አባቱ «ጨፋሪዎች» ይላቸው ነበር። ጥቂት ዘይት ወይም ናፍጣ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ ጨፋሪዎቹ ያልቃሉ፤ ዘይት ደግሞ የማስቲሽ ጠላት ነው፣ የተለጠፈውን ጥጋኝ ያስለቅቃል። እንግዲህ ጨፋሪ ያለበት ውሃ ዘይት ያልነካው ንጹህ ውሃ ነው ማለት ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ እውቀት ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉ ውሸት ቶሎ ይታወቃል።

አሮጌ ጎማ መጣልም አይሆንለትም ነበር። ባለፈው ዓመት ያረጁትን ሰብስቦ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ ለሆስፒታሉ ሰጠ። በአበባው መደብ ዙሪያ ተደርድረው ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ። በሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። ሚስቱም፣ «አይ የኔ ጌታ፣ የሞተ ጎማ ተዝካር አወጣህለት» ብላ ቀለደችበት፤ ያቺን ቀን ግን አዲስ ሸሚዝ ሰፍታለት ነበር።

በዚህ የዝናብ ወቅት ሰባሪው እንደገና ሰፈር ገባ። ሐኪሞች ደንጊ ይሉታል፤ የያዘው ሰው ግን ሰባሪው ከማለት ሌላ ስም አያገኝለትም፤ መገጣጠሚያን አንድ በአንድ በመዶሻ እንደመምታት ነው። መጀመሪያ ዳቦ ሻጯን ጣላት፣ ቀጥሎ የሒሳብ አስተማሪውን፣ ከዚያ የፀጉር አስተካካዩን ወንድም። ኮሚቴው ተሰበሰበና ትንኝ የሚፈለፈለው ከቆሻሻ ነው ተባለ፤ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ቦይ ሊጠርግ ወጣ። ከሁሉም ፊት ጎሚስታው ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እየዛቀ፣ «ይቺን ትንኝ አገር አስለቅቃታለሁ» ይል ነበር። ቦዩ አልጋ ሊነጠፍበት እስኪችል ጸዳ። ሰባሪው ግን የሰማ አይመስልም።

አንድ ቀን ባለባጃጁ ጡሩምባ መጣ። ጡሩምባ የተባለው ፍሬን ከመያዝ ክላክስ ማሰማት ስለሚቀናው ነው። ገና ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ አልቆልሃል» አለ።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ቦት ጫማ ያደረገች የጤና ሠራተኛ በየቤቱ እየገባች የቆመ ውሃ ትደፋለች። የፀጉር አስተካካዩን ሁለት ባልዲ ውሃ ለአፈር አበላችበት። አሁን ዳቦ ቤቱ ጋ ናት።»

ጎሚስታው በርሜሉን አየው። አባቱን ያየ መሰለው። «ያዝ በዚያ በኩል» አለ።

ሁለቱ እያቃሰቱ፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ በርሜሉን በመጋረጃው ሥር አሳልፈው ከኋላው ክፍል አስገቡት። ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ቀና አለች።

«ይሄን ሬሳ ወዴት ነው የምታመጡት?»

«ለሁለት ቀን ነው» አለ ባሏ።

«ለሁለት ቀን ብለህ አልጋዬ ሥር ያስገባኸው ክሪክ ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ይገባ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«አንተዬ፣ እግሬንስ የት ላድርግ? ወይስ እኔንም ጨፋሪ ልታደርገኝ ነው?»

ጡሩምባ ከሳቁ የተነሳ በርሜሉን ሊለቀው ነበር። ከስፌት መኪናው ጎን፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው አስቀመጡትና የጨርቅ ቁርጥራጭ ጣል አደረጉበት። ጨርቁ አንዱን ጠርዝ ሲሸፍን ሌላውን ይገልጣል። ማን ልብ ይላል?

ባለቦቷ መጣች። ወጣት ናት፤ ነጭ ጭልፋ ይዛለች፤ ከዝናቡ የተነሳ ቦቷ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የቆመ ውሃ አለዎት?»

«የቆመ ውሃ የለኝም» አለ ጎሚስታው።

አልዋሸም። ቢያንስ ለራሱ እንዲያ አለ። የቆመ ውሃ ማለት ኩሬ ነው፣ ቦይ ነው፣ የሚሸት ነው። የሱ ውሃ የቆመ አይደለም፤ ያረፈ ነው። በቆመና ባረፈ መካከል ያለው ልዩነት በዚያች ሰዓት ከተራራ ገዝፎ ታየው።

ባለቦቷ ደጅ የተከመሩትን ጎማዎች አይታ በላስቲክ እንዲሸፍናቸው ነገረችው፤ ያኑ ዕለት ሸፈነ። «ይቺ ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው ቀን ቀን ነው» አለችው ልትወጣ ስትል። «አጎበር ዘርግቶ መተኛት ብቻ አይበቃም።» እሺ አለ። እሺ ማለት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለቱ ቀን ሁለት ሳምንት አለፈው። ሚስቱ ፔዳሉን እየረገጠች በየመሐሉ አንዱን እግር በሌላው ታካለች። «ኧረ እግሬን በላኝ» ትላለች። ጎሚስታው ወፍራም ካልሲ አመጣላት። ካልሲው ይሞቃልና ረፋድ ላይ ታወልቀዋለች። ማታ ማታ ደግሞ የትንኝ ጭስ ያጨስላታል፤ አጎበሩንም ራሱ ከፍራሹ ሥር ይወትፍላታል። እንዲህ ያለ ባል የታለ?

አንድ ጠዋት የጀመረችውን ቀሚስ አንገቱ ላይ እንደደረሰች ጥላው ጋደም አለች። «ዓይኔን ከኋላ የሚገፋው ሰው አለ» አለች። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ጎሚስታው ብዙም አልደነገጠም። አምናም ይዟት፣ በሦስት ቀን ትቷት ሄዶ ነበር። ሰፈሩ ሰባሪው አንዴ የያዘውን ዳግም ቢይዝ እንኳ አይጠናበትም ይላል፤ እሷም ራሷ፣ «እኔ ግብሬን ከፍያለሁ፤ ይሄ ቅጣቱ መሆን አለበት» ብላ ቀለደች። ለወገቡ የሚውጠውን የሕመም ማስታገሻ ሰጣት። ጎማ ሲያነሳ የሚቆረጥ ወገቡን በሰዓት ውስጥ የሚያስረሳው መድኃኒት ነው፤ ለሱ የበጀ ለሷ እንዴት ይከፋል? አማቱም ሰምተው መጡ። ቀጭን፣ ቶሎ የማይደነግጡ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ራስጌ ተቀምጠው ጨርቅ እያቀዘቀዙ ግንባሯ ላይ ያኖራሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት።

ጎሚስታው መዳፉን ግንባሯ ላይ አድርጎ ማመን አቃተው። ደጅ ወጥቶ ለመጀመሪያው አላፊ አግዳሚ፣ «ለቀቃት!» አለ። ጡሩምባ በሰፈሩ እየዞረ በክላክስ የምሥራቹን አሰማ። ያልታመመ ሁሉ የዳነ መሰለው። ያን ቀን ጎሚስታው የሦስት ሰው ጎማ በነጻ ሠራ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሴትዮዋ አልጋዋ አልተመቻትም። ትነሳለች፣ ትተኛለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ደግሞ ትመለሳለች። ሆዷን ይዛ፣ «እዚህ ጋ» ትላለች፤ ያጎረሷትን ትመልሳለች። ጎሚስታው ባዶ ሆድ ነው፣ ድካም ነው አለ። ውሃ በኩባያ ሰጣት። ኩባያውን ሲቀበላት ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አየ። ከድዷ የመጣ ደም ነው። እጇን ሲይዘው በረዶ ነው። ሊያምኑት ይከብዳል፤ ግን ደስ አለው። «እማማ፣ ይዩ እስቲ፣ እንዴት ቀዝቅዛለች! ያ ሁሉ እሳት የት ገባ?»

አማቱ የልጃቸውን እግር በአንሶላው ሥር ዳሰሱ። ዳሰሱና እጃቸውን እዚያው ተዉት።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ የጤና ብርድ አይደለም። ባጃጁን ጥራው።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ እንቅልፍ የራቃት ወጣት ሴት ነበረች። እጇ ከአፏ ይፈጥናል፤ እየጠየቀች የሚስቱን ክንድ ታስራለች፣ ጥፍሯን ጫን አድርጋ ለቅቃ ታያለች።

«ትኩሳቱ መቼ ለቀቃት?»

«ዛሬ ጠዋት» አለ ጎሚስታው። ፈገግ አለ። ደህና መልስ የመለሰ መስሎት ነበር።

ሐኪሟ ፈገግ አላለችም። «የዚህ በሽታ ክፉ ሰዓት እሱ ነው» አለች። «ሰው ትኩሳቱ ሲለቅ ዳነ ይላል፤ ደም ሥር የሚያፈሰው ግን ያን ጊዜ ነው። በደሟ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ሆዷ እየወጣ ነው።»

ማፍሰስ የሚለውን ቃል ጎሚስታው ያውቀዋል። ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እሱን ነው። «ቀዳዳው የት ጋ ነው?» አለ።

«አንድ ቦታ አይደለም።»

«የት የት ነው ታዲያ?»

«ሁሉም ቦታ ነው። ከሁሉም ቦታ በጥቂት በጥቂቱ።»

ጎሚስታው ክው አለ። እንዲህ ያለ ካላማዳሪ በእጁ ገብቶ ያውቃል። ፀሐይ የጨረሰው፣ ሲነፉት ከየአቅጣጫው ላብ እንደሚያልበው የሚያፈስ። ያንን አይጠግኑትም። ይጥሉታል። ሐኪሟ ይህን እንዳትነግረው አፏን በእጁ ሊይዝ ከጀለው።

«በመርፌ ፈሳሽ እንተካላታለን» አለች ሐኪሟ። «ይሄ ሰዓት ካለፈ ደም ሥሩ ማፍሰሱን ራሱ ያቆማል። ከዚህ በፊት ይዟት ያውቃል?»

«አምና። ቀላል ነበር።»

«ሁለተኛው ነው የሚከፋው። ምን መድኃኒት ወሰደች?»

የወገቡን መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። ሐኪሟ ተቀብላው አንብባ ወደ ራሷ ኪስ ከተተችው፤ ሳትመልስለት። «ይሄ መድማትን ያባብሳል» አለች ብቻ። «ቀን ቀን የት ነው የምትውለው?»

«ከኔ ጎማ ቤት ኋላ። ልብስ ትሰፋለች።»

«አጠገቧ የቆመ ውሃ አለ?»

«የለም» አለ ምላሱ፤ ከሱ ቀድሞ። ከዚያ ጆሮው የገዛ አፉን ሰማ። ሐኪሟ መርፌውን ስታስገባ የሚስቱ እግር ከአንሶላው ወጥቶ ነበር። ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ እስከ ባቷ ድረስ፣ ካልሲው ይሸፍነው የነበረው ቦታ ሁሉ፣ በንክሻ ተዥጎርጉሯል። አይቶት የማያውቀው እግር አልነበረም። ያላየው ንክሻውን ነው።

«ያረፈ ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«የቆመ አይደለም ያልኩት። ያረፈ ነው። ያረፈ ውሃ ነው።»

ሐኪሟ ምን እያለ እንደሆነ አልገባትም። አማቱ ግን አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩና አዩት።  ቢሰድቡት በቀለለው።

ሌሊቱ እንደምንም ነጋ። ሲነጋጋ አማቱ፣ «ሂድ አንሶላ አምጣ» ብለው ላኩት፤ ፊቱን ማየት ያቃታቸው መስሎት ተጎትቶ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ባለቦቷ ደጁ ላይ ቆማለች። አማቱ ለሐኪሟ ነግረዋት፣ ሐኪሟ ደውላላት ነው የመጣችው። አልተቆጣችውም። «ያሳዩኝ» ብቻ አለችው፤ መጋረጃውን ገለጠላት።

የጨርቁን ቁራጭ ስታነሳ አንድ ደቃቅ ደመና ብድግ አለ፤ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ባለቦቷ ነጭ ጭልፋዋን በጠርዙ በኩል ነክራ አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ይዩ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ጎሚስታው አጎንብሶ አየ። ጨፋሪዎቹ ነጩ ጭልፋ ውስጥ ከመቼውም ይልቅ ጠቁረው ይጠማዘዛሉ። በመሐላቸው ጭፈራውን ያቆመ፣ ጀርባው የጎበጠ አንድ አለ። እያየው ጀርባው ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ውስጥ አንድ የቀጠነ ነገር ራሱን እየሳበ ወጣ፤ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ እግር፣ ሌላ እግር። የገዛ ቆዳው ላይ እንደ ታንኳ ቆሞ ክንፉን ያደርቃል። እግሮቹ ጥቁር ናቸው፤ በየመገጣጠሚያው ነጭ ቀለበት አላቸው።

አርባ ዓመት። አርባ ዓመት እዚህ በርሜል ላይ አጎንብሷል፤ አባቱ ደግሞ ከሱ በፊት። ይህን አንዳቸውም ቆመው አይተውት አያውቁም። አረፋ ነበር የሚያዩት።

ትንኟ ከጭልፋው ተነሥታ ክፍሉን አንዴ ዞረችና የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አረፈች። ልክ የሚስቱ እግር የሚያርፍበት ላይ።

«ጨፋሪዎች እንላቸዋለን» አለ ጎሚስታው፤ ለምን እንዳለው አላወቀም።

«እጮች ናቸው» አለች ባለቦቷ። «ቆሻሻ አይወዱም። ንጹህ፣ የማይነካካ ውሃ ነው የሚወዱት።»

«ንጹህ ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ነው። ችግሩም እሱ ነው።»

በርሜሉን ሁለት ሆነው ደጅ አወጡትና መሬት ላይ ገለበጡት። የአባቱ ውሃ አፈሩ ውስጥ ሰምጦ ለመጥፋት ትንፋሽ የሚወስድ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ባለቦቷ ከውስጥ ጎኑ ላይ በጣቷ አሳየችው፤ ውሃው ይደርስበት ከነበረው መስመር በላይ ጥላሸት የነካው የሚመስል ነጥብ ነጥብ ነገር ተጣብቋል። «እንቁላሏ ነው» አለች። «ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። መድፋት ብቻ አይበቃም፤ መፈግፈግ አለበት።»

ጎሚስታው የቸርኬ ዝገት የሚፍቅበትን የሽቦ ብሩሽ አንሥቶ በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። እየፈገፈገ ሳለ ያልጠራው ነገር ወደ አእምሮው መጣ። ዳቦ ሻጯ የጋሪዋን ጎማ ያሠራች ቀን በርሜሉ አጠገብ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ታክ ነበር። የሒሳብ አስተማሪው ብስክሌቱ እስኪጠገን እዚያው ወንበር ላይ ጋዜጣ አንብቧል። የፀጉር አስተካካዩ ወንድም ሞተር ሳይክሉን ይዞ መጥቶ ረጅም ሰዓት አውግቷል። ሌላም፣ ሌላም። የታመመውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በጎማው ያውቀዋል። ሰባሪው በቦዩ በኩል አልነበረም ሰፈር የገባው። አካፋ ይዞ ቦይ የጠረገላቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊቱ ተደረደሩ። ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ፤ ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ።

በዚህ መሐል ባጃጁ መጣ። ክላክስ አልነበረውም።

ጎሚስታው ከበርሜሉ ራሱን ያወጣው በዝምታው ነው። ጡሩምባ ከባጃጁ ወርዶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«እማማ ልከውኝ ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

ጡሩምባ ባርኔጣውን አዟዟረ።

«ተናገር እንጂ፣ ምን አሉ?»

«‹አረፈች በለው› አሉ።»

ባለቦቷ አፏን በእጇ ጫነች።  ጎሚስታው በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በጎኑ የተጋደመ መሆኑን ዘንግቶ ነበርና በርሜሉ ተንከባለለ፣ እሱም ጭቃው ላይ ወደቀ። ጡሩምባና ባለቦቷ ደግፈው ባጃጁ ውስጥ አስገቡት። አንሶላውን ማንም አላስታወሰም።

ጡሩምባ ቀስ ብሎ ነዳ። ጉድጓድ ሲያገኝ ይቆማል፣ ይዞረዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢጮህበት አልመለሰም። ሰፈርተኛው ባጃጁ ያለ ክላክስ ሲያልፍ አይቶ ሥራውን አቆመ። በጎሚስታው ጆሮ አንዲት ቃል ብቻ ትመላለሳለች። አረፈች። ውሃው እንዲያርፍ አርባ ዓመት ጠበቀ፤ እሷ በአንድ ሌሊት አረፈች። አባቱ ይህን ቃል ለውሃ ሲሰጠው ምን ነክቶት ነበር? ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው?

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አማቱ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ዳቦ ይገምጣሉ።

ጎሚስታው ዳቦውን አየ። ከዚህ ሁሉ በላይ የደነገጠው በዳቦው ነው። እናት ናቸው፤ እንዴት ይወርድላቸዋል? እግራቸው ሥር ተደፋ። «እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት። እኔ ነኝ፣ ከጎኗ ያኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ማንን ነው የገደልከው?»

«አረፈች አሉኝ እኮ።»

«አዎ አረፈች» አሉ አማቱ። ከዚያ የሱን ጭቃ፣ ከበሩ ጋ ቆሞ በባርኔጣው ዓይኑን የሚጠርገውን ጡሩምባን አዩ፤ ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ። «ውይ በሞትኩት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ አሁን ገና ጎኗ አረፈ ማለቴ ነው። ተኛች ልጄ፣ ተኛች። ሽንቷም መጣ፤ ሐኪሟ ደግ ምልክት ነው አለች።» ወደ በሩ ዞሩ። «አንተስ፣ ተኛች ብለህ ብትነግረው ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«‹አረፈች በለው› ነው ያሉኝ» አለ ጡሩምባ እየተንሰቀሰቀ። «ያሉኝን ነው ያልኩት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ነበር። ጎሚስታው ግን መሳቅ አቃተው፤ ማልቀስም። አንዴ የሞተችበትን ሴት ሊያይ ገባ።

ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ናት። የፈሳሹ ከረጢት ከራሷ በላይ ተሰቅሎ ጠብ ይላል። ከንፈሯ ደርቋል፤ ትንፋሿ ግን የሰው ነው። ጎሚስታው እጇን ያዘ። ለብ ብሏል። ደስ ሊለው ፈራ፤ ትናንት በቅዝቃዜው ደስ ብሎት ነበርና።

ዓይኗን ገለጠች። ብዙ አየችው፤ ጭቃውን፣ እጁ ላይ የቀረውን የሽቦ ብሩሽ። እስካሁን ይዞት እንደነበር እሱም አላወቀም።

«ውሃህን ለማን ጥለኸው መጣህ?» አለች፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚወጣ።

«ደፋሁት።»

 ያመነች አትመስልም።

«አዲስ ልትቀዳ ነው?»

«አዎ። ማታ ማታም እደፋዋለሁ።»

«ይዋሻል እኮ።»

«ይዋሽ» አለ።

ዓይኗን ጨፈነች። አንሶላውን እስከ እግሯ ጣት ሳበላትና ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ወተፈ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ብርሃኑ እንዳይበጠብጣት የመስኮቱን መጋረጃ ሊስብ ቀና ሲል ግቢውን አየ።

የአበባው መደብ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ነጭ የተቀቡት ጎማዎች በክብ ተደርድረዋል፤ የሱ ጎማዎች፣ የተጨበጨበለት። ሌሊቱን የዘነበው በያንዳንዱ ጎማ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ጠርቶ፣ ምንም ሳይነካካው ያበራል። በመስኮቱ አንገቱን ሲያወጣ ጥላው የቅርቡ ላይ አረፈ። ከውሃው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ክሮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ወረዱ።

መስኮቱን ዘጋ። አማቱ፣ «ወዴት ነው?» ሲሉት አልሰማም። ኮሪደሩን አልፎ፣ ጡሩምባን ክንዱን ይዞ እየጎተተ ግቢው ውስጥ ወጣና የመጀመሪያው ጎማ ፊት ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ምን ልናደርግ ነው?» አለ ጡሩምባ።

«ያዝ በዚያ በኩል» አለው፤ ብሩሹን አነሣ።